ባንኩ አትርፏል፣ ዲቪደንዱ ግን ቀንሷል፤ ጥፋተኛው አይኤፍአርኤስ ነው?

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በአንድ የግል ባንክ ውስጥ 400 አክሲዮን አለኝ፤ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ባንኩ በአንድ አክሲዮን 200 ብር አተረፈ ተባለና ተጨበጨበ። እጄ የገባው ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) ግን በአክሲዮን 50 ብር ነው። ለምን ብለን ስንጠይቅ መድረክ ላይ ያሉት ‹አይኤፍአርኤስ ስለገባን ነው› አሉን። ልጄ ደግሞ ነገሩን ዓለም ባንክ የጫነብን የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ነው፣ ግብርም ያበዛል ይላል። እውነት ነው? አክሲዮኔን ልሽጥ?»

ምላሽ፦ አይሽጡ። ቢያንስ በዚህ ምክንያት አይሽጡ። መድረክ ላይ የተሰጣችሁ መልስ ግማሹ ስንፍና ነው፣ ግማሹ ደግሞ እውነቱን ገልብጦታል።

አይኤፍአርኤስ ማለት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች ማለት ነው። ስሙ እንደሚለው ጉዳዩ አቀራረብ ነው። ሽያጩ፣ ብድሩ፣ ዕዳው፣ ንብረቱ መቼና በስንት ብር መዝገብ ላይ ይውጣ የሚለውን ይወስናል። ለባለአክሲዮን ስንት ይከፈል የሚል አንቀጽ የለውም። እሱን የሚወስኑት ሦስት አካላት ናቸው፤ ሕጉ፣ ብሔራዊ ባንክ እና ጠቅላላ ጉባኤው። ጉባኤው ማለት እርስዎ ነዎት።

200 ብሩ እንዴት 50 እንደሚሆን በቁጥር ላሳይዎ። የእርስዎን ባንክ መዝገብ አላየሁም፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። ካፒታሉ 5 ቢሊዮን ብር የሆነ ባንክ ከግብር በኋላ 1 ቢሊዮን አተረፈ እንበል። በ1,000 ብር አክሲዮን 200 ብር ማለት ነው። ያ ነው የተጨበጨበለት ቁጥር። ከዚያ ላይ መጀመሪያ 25 በመቶው፣ 250 ሚሊዮኑ፣ ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ይሄዳል። ይህ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው፤ መጠባበቂያው ከተከፈለው ካፒታል ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ በየዓመቱ ይቀነሳል። ከአይኤፍአርኤስ በፊትም ነበረ። ቀጥሎ 200 ሚሊዮን ብር የብሔራዊ ባንክን የብድር መጠባበቂያ (ብድር ሳይመለስ ቢቀር ተብሎ የሚያዝ ገንዘብ) ልክ ለማሟላት ተይዟል እንበል፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ። 550 ሚሊዮን ቀረ። ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ካፒታል ለማሳደግ በአክሲዮን መልክ እንዲከፋፈል ጉባኤው እጁን አወጣ። የቀረው 250 ሚሊዮን በ5 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል 50 ብር ይሆናል። ለ400 አክሲዮን 20,000 ብር በእጅ፣ 24,000 ብር ደግሞ በአዲስ አክሲዮን ማለት ነው፤ በእጅ የሚገባው ከዲቪደንድ ግብር በፊት ነው።

ካፒታል የማሳደጉ ጥድፊያም ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ ቀነ ገደቡን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ቆርጦ ነበር። ብዙ ባንክ ትርፉን ወደ ካፒታል ያዞረው በዚህ የተነሳ ነው። ይህንን ለባለአክሲዮን ማስረዳት ምን ይከብዳል? «አይኤፍአርኤስ ነው» ማለት ግን ይቀላል። የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል የተወረወረበት አዳራሽ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል።

አሁን ወደዚያ 200 ሚሊዮን ልመለስ፤ ተገልብጦ የተነገራችሁ እዚህ ላይ ነው።

ድሮ የባንክ መጠባበቂያ የሚያዘው የተበዳሪው ክፍያ ስንት ቀን ዘገየ ተብሎ ነበር። በደንብ እየከፈለ ላለ ብድር 1 በመቶ፣ ትንሽ ለዘገየው 3፣ ሦስት ወር ላለፈው 20፣ እያለ ብድሩ የጠፋ ሲባል 100 ይደርሳል። የብሔራዊ ባንክ ስሌት አሁንም በዚህ መንገድ ነው። አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው ደረጃ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ተበዳሪው ገና ሳይዘገይ ወደፊት ምን ያህል ሊያጎድል ይችላል? የሚጠበቅ የብድር ኪሳራ ይሉታል።

አንድ አስመጪ 10 ሚሊዮን ብር ተበድሯል እንበል። በ12 ወር ውስጥ መክፈል የሚያቅተው ዕድል 2 በመቶ ነው። ቢያቅተው መያዣው ተሸጦ 40 በመቶው ይጠፋል። ስለዚህ ባንኩ 80,000 ብር ይይዛል። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ 1 በመቶ፣ 100,000 ብር ይላል። የ20,000 ብር ልዩነት አለ። ይህ ልዩነት ወጪ ተብሎ ከትርፍ አይቀነስም። ካልተከፋፈለው ትርፍ ላይ ተነስቶ ለብቻው በተከፈተ መጠባበቂያ ይቀመጣል፤ በዲቪደንድ መልክም አይከፈልም። ባንክዎ ውስጥ በዚህ ስም የተያዘ ገንዘብ ካለ ምክንያቱ አይኤፍአርኤስ ጠበቅ ስላለ አይደለም። የአይኤፍአርኤስ ስሌት አነስ ስላለ ብሔራዊ ባንክ በራሱ ልክ ሞልቶት ነው። መድረክ ላይ ያሉት ሰዎች ይህን ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። ያው አስመጪ አንድም ክፍያ አላሳለፈም። ብሩ ግን ረከሰ፤ ዕቃውን በድሮው ዋጋ ማስገባት አልቻለም። ስጋቱ በግልጽ ስለጨመረ ባንኩ አሁን የሚያሰላው ለ12 ወር ብቻ አይደለም፣ ብድሩ እስኪያልቅ ነው። ዕድሉ 15 በመቶ ሆነ እንበል። መጠባበቂያው ከ80,000 ወደ 600,000 ብር ዘለለ። ይህ ጭማሪ በቀጥታ ትርፍን ይቀንሳል። እዚህ ላይ «አይኤፍአርኤስ ነው» ቢሏችሁ ትክክል ነበሩ። ግን ይህ የሚነካው ጭብጨባውን ራሱን ነው፤ 200 ብሩ 200 ከመባሉ በፊት ተቀንሶ አልቋል። በ200 እና በ50 መካከል ያለውን ክፍተት አይገልጽም።

ሁለቱ ስሌቶች የተለያዩት ለተለያየ ሰው ስለሚናገሩ ነው። አይኤፍአርኤስ የሚያወራው ገንዘቡን ላስገባው ሰው፣ ለእርስዎ ነው። ብሔራዊ ባንክ የሚያስበው ለአስቀማጩ ነው። የአስቀማጭ ጠባቂ ሁልጊዜ ትንሽ ፈሪ ቢሆን አይፈረድበትም።

የልጅዎ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው። ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያን የሂሳብና የኦዲት አሠራር ገምግሞ ሪፖርት አውጥቷል፤ ለውጡን የገፋው ትልቁ እጅ እሱ ነው። ያን ጊዜ የነበረው ክፍተት ግን ፈጠራ አልነበረም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ዘመን አንዱ በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ሂሳቡን ይዘጋ ነበር። «ተቀባይነት ባገኙ የሂሳብ መርሆዎች» የሚል ሐረግ ኦዲት ሪፖርቱ ላይ ይጻፋል፤ የትኞቹ መርሆዎች ቢባል መልስ የለም። ከዚያ በ2006 ዓ.ም. ፓርላማው ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 847ን አወጣ። የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። በመርሐ ግብሩ መሠረት ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በ2010 የበጀት ዓመት እንዲገቡ ተወሰነ፤ ሌሎች ትልልቆቹ በዓመቱ፣ አነስተኛና መካከለኛዎቹ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ። ግፊቱ የውጭ ነው፤ ፊርማው ግን የራሳችን ነው።

የአይኤፍአርኤስን ደረጃዎች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ ለንደን ነው የሚቀመጠው። ማንም አልመረጠውም። በዚህ ቦርድ የወንበር ድልድል ከ14 አባላት እስያና ኦሺኒያ 4፣ አውሮፓ 4፣ የአሜሪካ አህጉሮች 4 ሲደርሳቸው ለአፍሪካ የተመደበው 1 ነው። ይህን ሰምቶ ቅር የማይለው ሰው ካለ እኔን አይመስልም። ደግሞ ጫና ያለው ሲጫን ደንቡ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ፣ የባንክ ሰነዶችን በገበያ ዋጋ መመዝገብ ኢኮኖሚውን ያናጋል ብለው ለአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ለሮማኖ ፕሮዲ ደብዳቤ ጻፉ። በዓመቱ አውሮፓ ደንቡን ሲቀበል የማይፈልጋቸውን ክፍሎች ቆርጦ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት (ኦክቶበር) 2008 ዓለም በፋይናንስ ቀውስ ሲቃጠል ደግሞ የባሰ ሆነ። በአውሮፓ ግፊት ቦርዱ የተለመደውን የምክክር ሂደት ዘሎ በቀናት ውስጥ ደንቡን አሻሻለ፤ ማሻሻያውም ወደኋላ ተመልሶ ከዚያው ዓመት ጁላይ 1 ጀምሮ እንዲሠራ ተፈቀደ። ባንኮች ዋጋው የወረደ ንብረታቸውን ወደ ሌላ ምድብ አዛውረው ኪሳራውን ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ እንዲያስቀሩ በር ተከፈተ። አሜሪካ እስካሁን የራሷ ኩባንያዎች በራሷ ደንብ ነው የሚሠሩት።

ስለዚህ ፖለቲካ የለበትም የሚል ሰው ካገኙ አይመኑት። ግን «የውጭ ባንክ ማስገቢያ ነው» የሚለውም አይይዝም። የውጭ ባንኮችን ያስገባው ሌላ ሕግ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360። እሱም ቢሆን አንድ ስትራቴጂያዊ የውጭ ባለሀብት በአገር ውስጥ ባንክ እስከ 40 በመቶ፣ የውጭ ሰዎች በጠቅላላው እስከ 49 በመቶ ብሎ ገድቧል። እና ነገ አንድ የኬንያ ወይም የሞሮኮ ባንክ የእናንተን ባንክ ድርሻ ልግዛ ብሎ ቢመጣ፣ መዝገባችሁ እሱ በሚያነበው ቋንቋ መጻፉ የሚጠቅመው ማንን ነው? የማይታወቅ መዝገብ ሲያይ ገዢ ሁልጊዜ ዋጋ ይቆርጣል። ያ የሚቆረጠው ከእርስዎ ኪስ ነው። በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ያለዚህ መዝገብ ብዙ አይራመድም። አክሲዮን ሻጭና ገዢ እስከ ትናንት ይገናኙ የነበሩት በዘመድና በደላላ ነው።

ግብር ያበዛል? በመሠረቱ አያበዛም። የገቢ ግብር አዋጁ ከአይኤፍአርኤስ ትርፍ ይነሳል፤ ከዚያ የራሱን ጨምሮ የራሱን ቀንሶ 30 በመቶውን ያሰላል። ገቢዎች ያልተቀበለው ወጪ ካለ ያለ አይኤፍአርኤስም አይቀበለውም ነበር። የሚበዛው ሥራው ነው፤ ሁለት ስሌት ጎን ለጎን መያዝ። ለዚያ ደግሞ የባለሙያ ዋጋ አለ።

ይህ ለኢኮኖሚው ምን አመጣ ለሚለው የሌላው ዓለም ልምድ ትምህርት አለው። የአውሮፓ ኅብረት የተመዘገቡ ኩባንያዎቹን በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2005 አስገባ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው የሚያሳዩት ተመሳሳይ ነገር ነው። ጥቅሙ፣ ማለትም የካፒታል ዋጋ (ኩባንያ ገንዘብ ለማግኘት የሚከፍለው ወጪ) መቀነሱና የአክሲዮን ግብይት መንቃቱ፣ ጎልቶ የታየው ተቆጣጣሪው ጠንካራ በሆነበት አገር ነው። ወረቀቱ ብቻ የተቀየረበት አገር ብዙም አላገኘም። እኛ ጋር ደግሞ ችግሩ ገና ከመሠረቱ ይጀምራል። ደረጃው «ትክክለኛ የገበያ ዋጋ» ይላል፤ መሬት የመንግሥት በሆነበት፣ የሊዝ ዋጋ በጨረታ እንደ ፈንጂ በሚዘልበት አገር የሕንጻው የገበያ ዋጋ ስንት ነው? የአክሲዮን ገበያ ትናንት ተከፈተ። የሠራተኛ ስንብት ክፍያን የሚያሰላ፣ አክቹዋሪ የሚባል ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው።

በቅርበት ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ የየትኛው ባንክ እንደሆነ ይቅር። የባንክ ሠራተኛ ቤት የሚሠራበትን ብድር በዝቅተኛ ወለድ ያገኛል፤ የታወቀ ጥቅማጥቅም ነው። አይኤፍአርኤስ ሲገባ ይህ ብድር በገበያ ወለድ ተሰልቶ ልዩነቱ የሠራተኛ ወጪ ሆኖ እንዲመዘገብ ተገደደ። በዚያ ዓመት አንድ የቦርድ አባል ሪፖርቱን ይዞ «ይህ ሁሉ ብር ለማን ተከፈለ?» ብሎ ጮኸ። ለማንም አልተከፈለም፤ ድሮም ነበረ፣ አይታይም ነበር እንጂ። በማግሥቱ የሠራተኛ ማኅበሩ ተነሳ፣ ጥቅማችን ሊቀነስ ነው ብሎ። አንድም ሳንቲም ሳይንቀሳቀስ ጠብ ተፈጠረ። የዚህ ደረጃ ፖለቲካ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ተሸፍኖ የኖረ ድጎማ ስም ይወጣለትና ሰው ይጣላበታል።

ይኸው ነገር በአገር ደረጃም አለ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት ብር 27 በመቶውን በዝቅተኛ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ቢል የሚባል የዕዳ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ወለዱ ለቁጠባ አስቀማጭ ከሚከፈለው ያነሰ ነበር። በአማካይ ትርፍ ውስጥ ተቀብሮ ስለኖረ ባለአክሲዮኑ በዝምታ ከፍሎታል። በአይኤፍአርኤስ ዓይነት ማብራሪያ በግልጽ ተለይቶ ቢቀርብ ኖሮ የዚያን ጊዜ ጉባኤዎች እንደዚያ ጸጥ አይሉም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የ900 ቢሊዮን ብር ቦንድ አጸደቀ፤ ባንኩ ለመንግሥት ድርጅቶች አበድሮ ያልተመለሰለት ዕዳ በመንግሥት እንዲሸፈን ነው። ያ ብድር «ጤነኛ» እየተባለ ለዓመታት መዝገብ ላይ ቆይቷል። ሁሉንም ያወጣው አይኤፍአርኤስ ነው አልልም። ነገር ግን ወደፊት የሚጠበቅ ኪሳራ አስላ በሚል ደንብ ስር መደበቅ በጣም ይከብዳል።

የብርን ጉዳይ ስናነሳ አንድ ቀን አለ። የ2016 የበጀት ዓመት የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። ብሩ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው ሐምሌ 22 ነው፤ በ22 ቀን ልዩነት። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በደንቡ መሠረት ይህ ከሂሳብ መዝጊያው በኋላ የተከሰተ ነገር ስለሆነ የዚያን ዓመት ቁጥር አይቀይርም፤ በማብራሪያ ይገለጻል እንጂ። ስለዚህ የ2016 ሪፖርትን ከ2017 ጋር አስተያይቶ «ባንካችን ተመነጠቀ» ወይም «ወደቀ» ማለት ሞኝነት ነው። የውጭ ምንዛሪ በእጁ የነበረው ባንክ በወረቀት ላይ ትልቅ ትርፍ ጽፏል። በወረቀት ላይ ያለ የምንዛሪ ትርፍ ግን ገና ብር ሆኖ ካዝና አልገባም፤ ዲቪደንድ ልክፈልበት የሚል አስተዳደር ካለ ይፍሩት።

የዋጋ ንረትም አለ። የሦስት ዓመት ድምሩ ወደ 100 በመቶ ሲጠጋ አይኤኤስ 29 የሚባል ደረጃ ቁጥሮቹ በሙሉ በዋጋ ንረት እንዲከለሱ ይጠይቃል። ሳፋሪኮም ናይሮቢ ላይ ሂሳቡን ሲያቀርብ የኢትዮጵያውን ንግድ በዚህ መንገድ ከልሶ ነው ያቀረበው። ይህን ማድረግ ለአንድ አገር ቀላል ቃል አይደለም፤ ገንዘቤ መለኪያነቱን አጣ ብሎ እንደመፈረም ነው። ለእርስዎ ግን ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው። ዋጋ በእጥፍ በጨመረበት ጊዜ 20 በመቶ አተረፍኩ ያለ ባንክ አድጓል ማለት አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። አንደኛ፣ የሚጠበቀው ኪሳራ ስሌት በግምት ላይ ቆሟል። 2 በመቶ ያልኩት ዕድል ከየት መጣ ቢሉ፣ ብዙ ባንክ ጋ ከጥቂት ዓመት መረጃና ከአንድ ኤክሴል ፋይል ነው። አስተዳደሩ ዓመቱን ማሳመር ከፈለገ ዕድሉን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። አይኤፍአርኤስ ሌባን አይዝም፤ ሌባው የት ጋ እንደሚፈርም ያሳያል እንጂ። ሁለተኛ፣ የባንክን የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ አይመኑበት። ለፋብሪካ ጥሩ መስታወት ነው፤ ባንክ ጋ ግን የአስቀማጭ ገንዘብ ገባ ወጣ ስለሚል ያሳስታል።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይኸውና። ከሚቀጥለው ጉባኤ በፊት በእጅ የሚታደለውን ባለቀለም መጽሔት ሳይሆን ሙሉውን በኦዲተር የተፈረመ መግለጫ ይጠይቁ፤ ባለአክሲዮን ስለሆኑ መብትዎ ነው። «የካፒታል ለውጥ መግለጫ» የሚለውን ገጽ ያውጡ። 200 ብሩ ወዴት ወዴት እንደተበተነ እዚያ አንድ ገጽ ላይ በሰንጠረዥ አለ። ከዚያ የብድር ስጋት ማብራሪያውን ይፈልጉ። ብድሮቹ በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል፤ ጤነኛ፣ ስጋቱ የጨመረ፣ የተበላሸ። መካከለኛው ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል አደገ? አክሲዮንዎን ለመሸጥ የሚያበቃ ምክንያት ካለ እዚያች መስመር ላይ ነው የሚገኘው። መካከለኛው በፍጥነት እያደገ መጠባበቂያው ካልተንቀሳቀሰ፣ ያን ጊዜ ስለመሸጥ እንነጋገር።

ሰንጠረዡን ለማንበብ ከተቸገሩ ልጅዎን ይዘው ቁጭ ይበሉ፤ ክርክሩንም እዚያው ይጨርሱታል። ጉባኤው ላይ ደግሞ ማይኩ ሲደርስዎ በወረቀት የጻፉትን ይህን ብቻ ያንብቡ፦ «ካልተከፋፈለው ትርፍ ላይ ለብሔራዊ ባንክ መጠባበቂያ የተነሳው ስንት ብር ነው፣ ለካፒታል የዞረውስ ስንት ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»